ቶማስ ሃርዲ፦ የሚወራውና የሆነው

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶማስ ሃርዲ በ1928 ዓ.ም. ጃንዋሪ 11 ቀን በ87 ዓመቱ አረፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከአምስት ቀን በኋላ የአስከሬኑ አመድ ለንደን በሚገኘው በዌስትሚኒስተር አቢ፣ ታላላቅ የእንግሊዝ ጸሐፍት በሚያርፉበት ሥፍራ ተቀበረ። አጅበው ካስገቡት መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ባልድዊን፣ ሩድያርድ ኪፕሊንግና በርናርድ ሾው ነበሩ። በዚያው ቀን ልቡ ብቻውን በዶርሴት፣ በትውልድ መንደሩ አጠገብ ባለችው በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ መቃብር ገባ። ሃርዲ የተናዘዘው ከወላጆቹ ጎን እንዲቀበር ነበር፤ ወዳጆቹ ደግሞ ለአገር ክብር ሲሉ አቢን መረጡ። ሁለቱን ወገን ለማስማማት የተገኘው መፍትሔ ይህ ሆነ።

እንዲህ ያለ አሟሟት ወሬ መፍጠሩ አይገርምም። የሚገርመው፣ ወሬው ከሞቱ አልፎ ሕይወቱንም ሥራውንም መሸፈኑ ነው። ሃርዲ ሲነሣ ብዙ አንባቢ ፊት የሚመጣው ለጠፋ ገጠር የሚያለቅስ፣ ትምህርት ያልዘለቀው፣ ተስፋ የቆረጠ ሽማግሌ ነው። ይህን ሥዕል ከፊሉን ሌሎች ሣሉት፤ ከፊሉን ግን ሃርዲ ራሱ አውቆ ትቶልን ሄደ። በሰፊው ከሚነገሩት ዋና ዋናዎቹን ከሐቁ ጋር እናስተያያቸው።

1. «ልቡን ድመት በላው»

ልቡ ከአስከሬኑ ከወጣ በኋላ ሳይጠበቅ ቀርቶ ድመት በላው፣ በምትኩም የእንስሳ ልብ ተቀበረ የሚለው ቀልድ እስከ ዛሬ በዶርሴት ይነገራል። አንዱ የሐኪሙ ድመት ነው ይላል፤ ሌላው የቤት ሠራተኛዋ ድመት ነው ይላል፤ የድመቱን ስም የሚጠራም አለ። ማስረጃ ግን የለውም። «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» እንደሚባለው፣ ታሪኩ በየአፉ መለዋወጡ ብቻ ሊያጠራጥረን ይበቃል።

የዚህ ወሬ ወንድም የሆነ ሌላም አለ። በለንደን በሴንት ፓንክራስ አሮጌ መቃብር ዙሪያውን የመቃብር ድንጋዮች የከበቡት አንድ ዛፍ ነበር። ወጣቱ ሃርዲ ድንጋዮቹን በእጁ ደረደራቸው ተብሎ ስለታመነ «የሃርዲ ዛፍ» ይባል ነበር። ሃርዲ በ1860ዎቹ የባቡር ሐዲድ ሊያልፍበት የነበረውን መቃብር አስከሬኖች አወጣጥ ለአሠሪው ሆኖ መቆጣጠሩ እውነት ነው። ዛፉ ግን የበቀለው ድንጋዮቹ ከተከመሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ መሆኑን ጥናት አሳይቷል። በ2022 መጨረሻ ዛፉ በነፋስ ወደቀ፤ አፈ ታሪኩ ግን ገና ቆሟል።

2. «ሳይማር በተሰጥዖ ብቻ የጻፈ ባላገር ነበር»

ሃርዲ በ1840 በሃየር ቦክሃምፕተን መንደር፣ ቅድመ አያቱ በሠራው የሣር ክዳን ቤት ተወለደ። አባቱ ግንበኛና ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ እናቱ ጀሚማ ከጋብቻዋ በፊት በሰው ቤት ያገለገለች፣ ንባብ የምትወድ ሴት ናት። ስለዚህ ቤተሰቡ ከእርሻ ቀን ሠራተኛው ትንሽ ከፍ፣ ከባለመሬቱ ደግሞ ብዙ ዝቅ ያለ የእጅ ባለሙያ ቤተሰብ ነበር። ይህ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ቦታ በልብወለዶቹ ደጋግሞ ይመጣል። የተማረ ግን ገንዘብ የሌለው፣ መንደሩን ያለፈ ግን ከተማ ያልተቀበለው ሰው የሃርዲ የዘወትር ገጸ ባሕርይ ነው።

ልጅ ሳለ በየቀኑ በእግሩ ዶርቼስተር ከተማ እየሄደ ተማረ፤ ላቲንም አወቀ። በ16 ዓመቱ በዚያችው ከተማ ለጆን ሂክስ ለተባለ አርክቴክት ተለማማጅ ሆነ። ግሪክኛን በራሱ ጥረት፣ ማለዳ ከሥራ በፊት እየተነሣ አጠና። ከ1862 እስከ 1867 በለንደን ለአርተር ብሎምፊልድ ሠራ፤ በ1863ም ስለ ባለቀለም ጡብና ቴራኮታ ባቀረበው ጽሑፍ ከእንግሊዝ የአርክቴክቶች ተቋም ሽልማት አገኘ። በእነዚያ ዓመታት ናሽናል ጋለሪ እየሄደ ሥዕል ያጠና፣ ዳርዊንንና ጆን ስቱዋርት ሚልን ያነብ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ይህም ዕድሜ ልኩን ቆጭቶታል። ዩኒቨርሲቲ አለመግባት ግን አለመማር አይደለም። የአርክቴክትነት ዓይኑ በልብወለዱ ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ ጎተራም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲገልጽ አንባቢው ምሰሶው ጣሪያውን እንዴት እንደተሸከመ ያያል። ታዋቂ ከሆነ በኋላም በየዓመቱ ለወራት ለንደን እየከረመ ከመኳንንትና ከጸሐፍት ጋር ማዕድ ይቆርስ ነበር። የገጠሩ ደራሲ ገጠርን ያየው ከውስጥም ከውጭም ሆኖ ነው።

3. «ያልተነካውን፣ ሰላማዊውን የድሮ ገጠር ነው የሳለው»

ከሁሉም የሚከብደው ስሕተት ይህ ነው። አረንጓዴ ሸለቆ፣ የበግ መንጋና የመኸር ጭፈራ በመጻሕፍቱ ውስጥ አሉ፤ በፊልም ሲሠሩም ጎልተው የሚወጡት እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ሃርዲ የጻፈው ስለ ቆመ ገጠር ሳይሆን በእግሩ ሥር መሬት ስለሚንሸራተትበት ገጠር ነው።

ዶርሴት በዚያ ዘመን የእርሻ ሠራተኛው ደመወዝ እጅግ ዝቅ ካለባቸው የእንግሊዝ አውራጃዎች አንዷ ነበረች። ሃርዲ ከመወለዱ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ1834፣ ከመንደሩ ብዙ በማትርቀው በቶልፐድል ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው ተማምለው ማኅበር በማቋቋማቸው ተፈርዶባቸው ወደ አውስትራሊያ ተግዘዋል። በ1846 የውጭ እህል እንዳይገባ የሚከላከለው ሕግ ተሻረ፤ በ1847 የባቡር ሐዲድ ዶርቼስተር ገባ። የሰባት ዓመቱ ሃርዲ ያደገበት ገጠር ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም።

ይህንን ለውጥ ሥራዎቹ አንድ በአንድ መዝግበውታል። በ1872 የታተመው «አንደር ዘ ግሪንውድ ትሪ» ለብዙዎች የፍቅርና የሣቅ መጽሐፍ ነው። ከሥሩ ያለው ጉዳይ ግን የመንደሩ ሙዚቀኞች በቤተ ክርስቲያን ቦታቸውን በኦርጋን መነጠቃቸው ነው። የሃርዲ አያትና አባት ይጫወቱበት በነበረው በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያንም የሆነው ይኸው ነበር። በ1886 በወጣው «ዘ ሜየር ኦፍ ካስተርብሪጅ» በልማድና በግምት የሚነግደው እህል ነጋዴ ሂሳብና አዲስ የመዝሪያ መሣሪያ ይዞ በመጣ ወጣት ይሸነፋል። ያ መጽሐፍ የሚጀምርበት፣ ሰካራም ባል ሚስቱን በገበያ የሚሸጥበት ትዕይንት ብዙዎችን «ይህስ የማይሆን ፈጠራ ነው» ያሰኛል። ሃርዲ ግን ከ1820ዎቹ ጀምሮ የነበሩትን የአካባቢውን አሮጌ ጋዜጦች እያገላበጠ እንዲህ ያሉ እውነተኛ ዜናዎችን በማስታወሻ ደብተሩ ገልብጦ ነበር።

በ1891 በመጽሐፍ በወጣው «ቴስ ኦፍ ዘ ደርበርቪልስ» የምናገኛት ልጅ በክረምት በበረደ ማሳ ላይ ለከብት መኖ የሚሆን ሥራ ሥር ስትነቅልና ስታጸዳ ትውላለች። በኋላም በእንፋሎት የሚሠራ የእህል መውቂያ ማሽን ፋታ ሳይሰጣት ያሠራታል። ያለበችው ወተት በባቡር ተጭኖ ለማያውቋት የለንደን ሰዎች ቁርስ ይደርሳል። አባቷ ሲሞት ቤተሰቡ ከቤቱ ይወጣል፤ ቤቱ የተያዘው የሦስት ሰዎች ዕድሜ እስኪያልቅ በሚጸና የኪራይ ውል ስለነበር የመጨረሻው ሰው ሲሞት ውሉም አብሮ ይሞታል። የሃርዲ ቤተሰብ ቤትም በዚህ ዓይነት ውል የተያዘ ነበር።

ልብወለድ ብቻም አልጻፈ። በ1883 «ዘ ዶርሴትሸር ሌበረር» በተባለ ጽሑፉ በየዓመቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከአሠሪ ወደ አሠሪ ስለሚዛወሩ የእርሻ ሠራተኞች አትቷል። እዚያ ላይ ሚዛናዊ ነው። ሠራተኛው ከቦታ ቦታ መዛወር መቻሉ ነፃነትና የተሻለ ገንዘብ እንደሰጠው ይናገራል፤ የአካባቢ ትዝታና ትውውቅ በዚያው መጥፋቱንም ይመዘግባል። ድሮን በደፈናው የሚናፍቅ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

4. «ዌሴክስ ዶርሴት ነው፤ ስሙ ብቻ ተቀይሯል»

ዌሴክስ የጥንት የአንግሎ ሳክሶን መንግሥት ስም ነው። ሃርዲ ለራሱ ሥራ ያዋለው በ1874 በ«ፋር ፍሮም ዘ ማዲንግ ክራውድ» ነው። ካስተርብሪጅ ዶርቼስተር መሆኗ ግልጽ ነው፤ ግዛቱ ግን ከዶርሴት እጅግ ይሰፋል። በ«ጁድ ዘ ኦብስኪዩር» ክራይስትሚንስተር የተባለችው ከተማ ኦክስፎርድ ናት፤ ሜልቼስተር ደግሞ ሳሊስበሪ።

ከዚያ በላይ ደግሞ ዌሴክስ በአንድ ጊዜ የተፈጠረ ካርታ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ እትሞች የቦታ ስሞችና ርቀቶች እርስ በርስ አይገጣጠሙም ነበር። በ1895 ሥራዎቹ በአንድነት መታተም ሲጀምሩ፣ ኋላም በ1912ቱ እትም፣ ሃርዲ ወደ ኋላ እየተመለሰ ስሞችን አስማማ፤ ርቀቶችን አረመ፤ ካርታም አስገባ። ዛሬ መጽሐፉን ይዞ ወደ ዶርሴት የሚሄድ ጎብኚ ብዙ ያገኛል። የሚያየው ግን ደራሲው ዓመታት ፈጅቶ ያበጃጀውን አገር መነሻ እንጂ አገሩን ራሱን አይደለም።

5. «አሳታሚዎች ቆራረጡት፤ እሱ ዝም ብሎ ተበደለ»

በቪክቶሪያ ዘመን ልብወለድ በመጀመሪያ በመጽሔት በተከታታይ ይወጣል፤ መጽሔቱም በየቤቱ በቤተሰብ ፊት ይነበባል። ስለዚህ የአርታኢዎች ጥንቃቄ ብርቱ ነበር። «ቴስ»ን ያዘዘው የመጀመሪያው ድርጅት ጽሑፉን ሲያይ ውሉ ፈረሰ፤ ከዚያም ሁለት መጽሔቶች አልተቀበሉትም። እስከዚህ ድረስ የሚባለው ልክ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ግን የተበዳይ ሥራ አይመስልም። ሃርዲ መቀሱን ራሱ አነሣ። ቴስ የምትደፈርበትን ክፍል አውጥቶ በምትኩ የሐሰት ጋብቻ ታሪክ አስገባ። ቴስን የሚያፈቅረው ኤንጀል ክሌር እሷንና ጓደኞቿን በክንዱ ታቅፎ በጎርፍ የተሞላውን መንገድ የሚያሻግርበትን ትዕይንት ለውጦ በእጅ ጋሪ አሻገራቸው። እንዲህ ለሆነው ጽሑፍ «ዘ ግራፊክ» መጽሔት ገንዘቡን ከፈለው። የተቆረጡትን ሁለት ቁርጥራጮች ደግሞ ለየብቻ ለሌሎች መጽሔቶች ሸጠ። በ1891 መጨረሻ መጽሐፉ ሲወጣ አብዛኛውን ወደየቦታው መለሰ፤ በርዕሱም ሥር ቴስን ንጽሕት ሴት ብሎ ጠራት። የቪክቶሪያን ዘመን አንባቢ ከታሪኩ ይልቅ ያስቆጣው ይህች ቃል ናት። ሃርዲ ገበያውን ያወቀ፣ ለጊዜው የተጎነበሰ፣ በመጨረሻ ግን ያሰበውን ያደረገ ባለሙያ ነበር።

6. «በ‹ጁድ› ላይ የወረደው ውግዘት ልብወለድ አስተወው»

በ1895 «ጁድ ዘ ኦብስኪዩር» ሲወጣ ውግዘቱ እውነተኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚመኝ ድሃ ድንጋይ ጠራቢ፣ የሚፈርስ ጋብቻ፣ የሕፃናት ሞት፤ ሁሉም በአንድ መጽሐፍ ነበሩ። የዌክፊልዱ ጳጳስ መጽሐፉን እሳት ውስጥ መጣላቸውን በጋዜጣ አስታወቁ፤ አንድ ትልቅ የመጽሐፍ አከራይ ድርጅትም ከመደርደሪያው እንዲያነሣው አደረጉ። ሃርዲ በኋላ፣ ጳጳሱ ደራሲውን ማቃጠል ስላልቻሉ መጽሐፉን አቃጠሉ ሲል ቀልዷል።

ከዚያ በኋላ ልብወለድ አልጻፈም የሚለው ለማለት ይቀላል። ነገር ግን በ1897 ቀድሞ በተከታታይ ያወጣውን «ዘ ዌል ቢላቭድ»ን አሻሽሎ በመጽሐፍ አሳተመ። ዋናው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፦ ሃርዲ ራሱን ከመጀመሪያው የቆጠረው ባለቅኔ አድርጎ ነበር። በ1860ዎቹ በለንደን ብዙ ግጥም ጽፎ የሚያትምለት አጣ። ልብወለድ የገባው እንጀራ ስለሆነ ነው። በ1871 ለወጣው የመጀመሪያ ልብወለዱ «ዴስፐሬት ሬመዲስ» ማሳተሚያ ከገዛ ኪሱ 75 ፓውንድ አስይዟል። ከ20 ዓመት በኋላ ሁኔታው ተገለበጠ። የአሜሪካ ሕግ በ1891 ለውጭ ደራስያን የቅጂ መብት ሰጠ፤ «ቴስ»ም በሁለቱም አገር ተሸጠ። ገንዘብ ሲያገኝ ወደ መጀመሪያ ፍቅሩ ተመለሰ። ውግዘቱ አቻኩሎት ይሆናል፤ በሩ ግን አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር።

በ1898 የመጀመሪያው የግጥም መድበል ሲወጣ 58 ዓመቱ ነበር። እስኪሞት ድረስ ለ30 ዓመታት ጽፎ በስምንት መድበሎች ከ900 በላይ ግጥሞች ትቷል። በዚህ ላይ ስለ ናፖሊዮን ጦርነት የጻፈው ግዙፍ የግጥም ድራማ «ዘ ዳይናስትስ» አለ። እንደ ጡረተኛ የሚታየው ይህ ዕድሜው የሥራ ዘመኑ እኩሌታ ነው።

7. «ሕይወትን የጠላ ጨለምተኛ ነበር»

መጻሕፍቱ በአብዛኛው በሐዘን ያልቃሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሃርዲ ግን ጨለምተኛ ሲባል ዕድሜ ልኩን ተከራክሯል። ዓለም በሰው ጥረት ልትሻል ትችላለች ብሎ እንደሚያምን፣ ለዚህም ክፉውን ፊት ለፊት ማየት እንደሚያስፈልግ ይናገር ነበር። በመጻሕፍቱ ሰዎቹን የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ ሰማይ ሳይሆን ሰው የሠራው ነገር ነው፦ የጋብቻ ሕግ፣ የኪራይ ውል፣ ለድሃ የተዘጋ የዩኒቨርሲቲ በር፣ ሴትን ከወንድ አስበልጦ የሚቀጣ ይሉኝታ። ሰው የሠራው ደግሞ በሰው ይለወጣል።

እምነቱ በወጣትነቱ ላልቷል፤ ለቤተ ክርስቲያን ዜማና ሥርዓት ያለው ፍቅር ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር በየሠርጉ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። በእንስሳት ላይ የሚደርስ ጭካኔን አጥብቆ ይቃወማል። በገበሬዎቹ ጨዋታ ውስጥ ያለው ቀልድ ደግሞ ሃርዲን በጥቅስ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከቶ የማይደርስበት ነው።

8. «የተደበቀ ልጅ ነበረው»

በ1966 የወጣ አንድ መጽሐፍ ሃርዲ ከዘመዱ ከትራይፊና ስፓርክስ በስውር ልጅ ወልዷል አለ፤ ወሬውም ተራባ። ትራይፊና በለንደን መምህርነት ተምራ ገና በወጣትነቷ በፕሊመዝ የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የሆነች ሴት ናት። በሞተችበት በ1890 ሃርዲ ግጥም ጽፎላታል፤ እንደ ወደዳትም መገመት ይቻላል። ለልጁ ግን የልደትም የጥምቀትም መዝገብ አልተገኘም፤ ዋነኞቹ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፍትም አልተቀበሉትም።

ከዚህ ይልቅ የታወቀው የትዳሩ ታሪክ የበለጠ ይደንቃል። ሃርዲ በ1870 የአንድ ቤተ ክርስቲያን እድሳት ሊያጠና ኮርንዎል ሄዶ ኤማ ጊፎርድን አገኘ፤ በ1874 ተጋቡ። እሷ ደራሲነቱን አበረታታች፤ ረቂቆቹን በእጇ ገለበጠች። በኋላ ግን ተራራቁ። ሃርዲ ራሱ ነድፎ ባሠራው ማክስ ጌት በተባለው ቤት ኤማ የመጨረሻ ዓመታቷን በጣሪያ ሥር ባሉ ክፍሎች ለብቻዋ ኖረች። በ1912 ስትሞት ሃርዲ ከባድ ጸጸት ያዘው፤ ወደ ኮርንዎል ተመልሶ የተዋወቁበትን ሥፍራ እየዞረ አየ። በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ታላላቅ የሐዘን ግጥሞች መካከል የሚቆጠሩት የ1912 እና 1913 ግጥሞቹ የተወለዱት ያኔ ነው። ፍቅር የሞላበት ጎጆ የወለዳቸው ሳይሆኑ የዘገየ ሰው የጻፋቸው ናቸው። በ1914 የታተሙትም ፍሎረንስ ደግዴል የተባለች፣ በ38 ዓመት የምታንሰውን ሴት ባገባበት ዓመት ነው።

9. «የሕይወት ታሪኩን ሚስቱ ጻፈችው»

በ1928 እና በ1930 በሁለት ቅጽ የወጣው የሃርዲ የሕይወት ታሪክ ሽፋን ላይ ያለው የፍሎረንስ ስም ነው። ሐቁ ግን ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በቀር ጸሐፊው ሃርዲ ራሱ መሆኑ ነው። ስለ ራሱ «እሱ» እያለ ጻፈ፤ ፍሎረንስ በታይፕ ገለበጠችው፤ የእጅ ጽሑፉ ተቃጠለ። ብዙ አሮጌ ደብዳቤና ማስታወሻም አብሮ እሳት ገባ። ምሥጢሩ ለሕዝብ የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአገልጋይነትና በቀን ሥራ ስለኖሩ ዘመዶቹ ብዙም አይወራም፤ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ግን ከፍ ብሎ ይታያል። በድህነት ስለሚናቁ ሰዎች ያን ያህል የጻፈ ደራሲ ስለ ገዛ ወገኖቹ ሲሆን ብዕሩ ታሰረ። ይህ ከሥራው ዋጋ አይቀንስም። የመደብ ንቀት በቪክቶሪያ ዘመን ምን ያህል እንደሚቆረቁር ከሱ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ስለዚህ ሃርዲን ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ከወሬውም፣ ደራሲው ራሱ ካሰናዳው የሕይወት ታሪክም ይልቅ ሥራዎቹን ያስቀድም። ገበያና ገንዘብ ገጠርን እንዴት እንደሚለውጡ ማየት ለሚፈልግ «ዘ ሜየር ኦፍ ካስተርብሪጅ» ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሕግና ይሉኝታ በአንዲት ሴት ላይ ምን እንደሚሠሩ ለማየት «ቴስ» አለች። ልብወለዱን የጨረሰም ግጥሞቹን እንዳይተው፤ ሃርዲ ራሱ መታወስ የፈለገው በእነሱ ነው።